አለቃ ሲያዳላ፦ ዲሲ ውስጥ ለምትሠሩ ሐበሾች፣ ከደብተር እስከ አቤቱታ

በዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ መርማሪዋ ደብተሬን እያገላበጠች ቆየችና ቀና ብላ አየችኝ። «እዚህ ላይ ማናጀሩ በ3 ሰዓት ሰደበኝ ብለሃል። የሰዓት ካርዱ ግን በ2 ሰዓት ከሥራ ወጥተሃል ይላል። እንዴት ሊሆን ይችላል?» አስተርጓሚው በስልክ ነው። ድንግጥ አልኩ። ውሸታም ልባል ነው እንዴ?

3 ሰዓት ያልኩት የእኛን 3 ሰዓት ነበር። ጠዋት፣ ሰው መኪናውን እያቆመ ወደ ቢሮው የሚሮጥበት ሰዓት። በፈረንጅ 9 መሆኑ ነው። አስረዳሁ፣ ገባት፣ መዘገበች። ግን ግማሽ ሰዓት በዚህ አለቀ፣ እኔም ላብ በላብ ሆንኩ። ስለዚህ ምክሬን ከዚህ ልጀምር፦ ሥራ ቦታ የደረሰባችሁን ስትጽፉ በፈረንጅ ሰዓትና በፈረንጅ ቀን ጻፉ። ቋንቋው አማርኛ ቢሆን ችግር የለውም፣ ይተረጎማል። ሰዓቱና ቀኑ ግን «መስከረም 12» ተብሎ ከተጻፈ ለእነሱ ሌላ ቀን ነው።

እኔ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ሰባት ዓመት። አንድም ደንበኛ «ይሄ ሰውዬ የሚለው አልገባኝም» ብሎ አልከሰሰኝም። አዲስ ማናጀር መጣና አክሰንቴን ምክንያት አድርጎ ከሳጥኑ፣ ማለት ትኬት ከምቀበልባት ከካሸሯ ክፍል፣ አስወጣኝ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፣ አሁን ለዚህ ጽሑፍ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ያኔ ማወቅ የነበረብኝና ዘግይቼ ያወቅኩት ነገር ነው።

መጀመሪያ፣ የትኛው ሕግ ነው የሚመለከታችሁ? ሰው ሁሉ የሚያውቀው የፌዴራሉን ነው፣ የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ፣ ኢኢኦሲ የሚባለው መሥሪያ ቤት የሚያስፈጽመውን። ጥሩ ሕግ ነው፣ ግን የሚሠራው 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ቀጣሪ ላይ ነው። በዕድሜ ለሚደረግ አድልዎ ደግሞ 20 ሠራተኛ ይጠይቃል። እስቲ አስቡት፣ ከእኛ ሰው ስንቱ ነው አራት ሰው ባለበት ማርኬት፣ ስድስት ሰው ባለበት ሬስቶራንት፣ ሁለት ሰው ባለበት ፀጉር ቤት የሚሠራው? ለነዚህ ሰዎች የፌዴራሉ ሕግ በሩ ዝግ ነው። የዲሲ የራሱ ሕግ፣ የ1977ቱ የሰብዓዊ መብቶች ሕግ፣ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። አንድ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪም አያመልጥም። በ2022 ደግሞ በሰው ቤት ልጅ የሚጠብቁ፣ የሚያጸዱ፣ ሽማግሌ የሚንከባከቡ ሠራተኞች በግልጽ ተጨመሩበት። እዚህ አገር ከመጡ እህቶቻችን ብዙዎቹ በዚያ በኩል አልፈዋልና ይህን ንገሯቸው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ወሳኙ የምትኖሩበት ሳይሆን የምትሠሩበት ቦታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖራችሁ ዲሲ የምትሠሩ ከሆነ የዲሲ ሕግ ይጠብቃችኋል። ተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንጎመሪ ካውንቲ የራሱ ሕግና የራሱ የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አለው። ወንዙን ተሻግራችሁ አርሊንግተን፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ፌርፋክስ የምትሠሩም እንደዚያው የየአካባቢያችሁ ቢሮ አላችሁ። ከዚህ በታች የምለው ግን የዲሲን ነው፣ ያለፍኩበት እሱን ነውና።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። የደረሰባችሁ ነገር በሕግ ዓይን አድልዎ ነው ወይስ አለቃው በቃ ክፉ ሰው ነው? ክፉ መሆን አያስከስስም። ሁሉንም እኩል የሚሳደብ አለቃ ባለጌ ነው እንጂ አድሏዊ ላይሆን ይችላል። ሕጉ የሚጠይቀው «ለምን?» ብሎ ነው። ያደረገባችሁ በማንነታችሁ ምክንያት ነው ወይ? የዲሲ ዝርዝር ረጅም ነው። ዘር፣ ቀለም፣ ሃይማኖት፣ የትውልድ አገር፣ ፆታ፣ ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የፆታ ዝንባሌ፣ አካል ጉዳት፣ የቤተሰብ ኃላፊነት፣ የፖለቲካ ፓርቲ፣ የክሬዲት ታሪክ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ሰለባ መሆን፣ ከ2022 ወዲህ ደግሞ ቤት አልባ መሆን። ይህም ሁሉ አይደለም፣ ሌላም አለ። መልክና አለባበስም አለበት፣ ፀጉርና ጢምን ጨምሮ። ሹሩባሽን ፍቺ የተባልሽ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ አለሽ። እርግጥ ቀጣሪው ለሥራው በቂ ምክንያት ኖሮት ሁሉም ላይ እኩል የሚሠራበት ደንብ ካለው ሊከራከር ይችላል። «ሁሉም ላይ እኩል» የምትለውን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አክሰንት ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ በስም የለም። ግን አክሰንት ከየት እንደመጣን የሚናገር ነገር ስለሆነ በትውልድ አገር ስር ይታያል። ቀጣሪው ማሳየት ያለበት አነጋገራችሁ ሥራውን በእርግጥ እንደሚያደናቅፍ ነው። የእኔ ሥራ ትኬት መቀበልና «18 ዶላር» ማለት ነበር። ይሄ ምን ይደናቀፋል? «ሥራ ላይ በእንግሊዝኛ ብቻ ተናገሩ» የሚል ደንብም እንደዚሁ ነው። በዕረፍት ሰዓት ጭምር፣ ከጓደኛችሁ ጋር ምሳ ስትበሉ ጭምር አማርኛ የሚከለክል ደንብ ኢኢኦሲ እንደ አድልዎ ነው የሚያየው። ለደኅንነት ወይም ለሥራው ግድ በሆነበት ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ያስኬዳል።

ደንበኛ ስለጠየቀ የሚባለው ሰበብስ? ሆም ኬር የምትሠሩ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ታማሚዋ «አፍሪካዊ አልፈልግም» ትላለች፣ ኤጀንሲው ደውሎ «ነገ እንዳትሄጂ» ይላል፣ ሰዓትሽ ይቀነሳል። የደንበኛ ምርጫ ቀጣሪን ነጻ አያወጣም። በ2010 ቺካጎ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የአረጋውያን መንከባከቢያን በተመለከተ ልክ ይህንኑ ብሏል፣ ነዋሪዋ ነጭ ብቻ ይንከባከበኝ ብትልም ድርጅቱ በዚያ መሠረት ሠራተኛ መደልደል አይችልም ብሎ።

ሃይማኖት ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን ሳንጠይቅ ነው የምንቀረው። ገና ጃንዋሪ 7 ነው፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19፣ ፋሲካችን ከእነሱ ጋር ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ጁምዓም አለ። ማተብ አለ፣ ሂጃብ አለ። ቀጣሪ ሃይማኖታችሁን የማስተናገድ ግዴታ አለበት። «ይከብደኛል» ብሎ እምቢ ለማለት በፊት ትንሽ ወጪ ይበቃው ነበር። በ2023 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እሑድ አልሠራም ባለው ፖስተኛ ጉዳይ ለሥራው ከባድ ወጪ መሆኑን ማሳየት አለበት አለ። ግን ግዴታው የሚጀምረው ብዙ ጊዜ እናንተ ስትጠይቁ ነው። ዝም ብላችሁ ቀርታችሁ በማግሥቱ «በዓል ነበር» ማለት ሌላ ነገር ነው። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት በቴክስት ወይም በኢሜይል ጠይቁ፣ ሺፍት የሚቀያይራችሁ ሰው ካገኛችሁም ስሙን ጨምሩበት።

ሥራ ስትጀምሩ «ግሪን ካርድህን ካላመጣህ አልቀጥርህም» የሚል ካጋጠማችሁ ያም ሕገወጥ ነው። ሕጉ ከሚቀበላቸው ሰነዶች የትኛውን እንደምታሳዩ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። መንጃ ፈቃድና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ለብዙ ሰው ይበቃል። ይህ አቤቱታ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው፣ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ወዳለው የስደተኞችና ሠራተኞች መብት ክፍል። ጊዜው ደግሞ አጭር ነው፣ 180 ቀን።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ ካላነሳሁ ውሸታም እሆናለሁ። ቴሌግራም ላይ የሚወጡትን ማስታወቂያዎች አይታችኋል? «ዕድሜዋ ከ30 ያልበለጠ፣ መልከ መልካም ሴት አስተናጋጅ ትፈለጋለች»። አዲስ አበባ ሆኖ ሲነበብ የለመድነው ነው። ዲሲ ውስጥ ግን ይህ አንድ መስመር ዕድሜን፣ ፆታንና መልክን አንድ ላይ ጠቅሶ ቀጣሪው በገዛ እጁ የጻፈው ማስረጃ ነው። ማስታወቂያው ራሱ ክልክል ነው፣ ማንም ባይቀጠርበት እንኳ። «የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነው ዘርህ» ብሎ በብሔር መርጦ የሚቀጥር የሐበሻ ቤትም ያው ነው፣ ብሔር በትውልድ አገርና በዘር ስር ይገባልና። የእኛ ሰው ስለሆነ ሕጉ አይራራለትም። እኔም አልራራለትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ምክንያቱም እዚያ ቤት የሚሠራው ልጅ ብዙ ጊዜ መሄጃ የሌለው ነው።

እሺ፣ አድልዎ ነው ብላችሁ ካሰባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ደብተር ግዙ። ስልክም ይሆናል፣ ግን የራሳችሁ ስልክ፣ የድርጅቱ ታብሌት ወይም የሥራ ኢሜይል አይደለም። የተባረራችሁ ቀን በሩ ይዘጋባችኋል። በየቀኑ ባይሆንም ነገር በተፈጠረ ቀን፣ ከመተኛታችሁ በፊት ጻፉ። ማን፣ ምን አለ፣ የት፣ ማን ነበር። ቃሉን ራሱን ጻፉ፣ «አዋረደኝ» አትበሉ። «አዋረደኝ» ለመርማሪ ምንም አይነግራትም። «ሦስት ሰው ፊት እንዲህ አለኝ» ይነግራታል። ሺፍት የተለጠፈበትን ሰሌዳ ፎቶ አንሱ፣ ቴክስቱን ስክሪንሾት አድርጉ፣ የደሞዝ ወረቀታችሁን አትጣሉ፣ ጥሩ ሠራተኛ ነህ የተባላችሁበት ወረቀት ካለም ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

አሁን ያቺን «እኩል» ያዙልኝ። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ንጽጽር ነው። አምስት ደቂቃ ዘገያችሁና ማስጠንቀቂያ ተሰጣችሁ። ሌላው ሰው ሃያ ደቂቃ ዘግይቶስ? እኔ ከሳጥን ስወጣ በቦታዬ የገባው ልጅ ሥራ ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ ነበር፣ ሂሳቡም ሁለት ጊዜ ጎድሎበት ያውቃል። ይቺን መስመር ደብተሬ ላይ ሳሰፍር ለንዴቴ ማስተንፈሻ ነበር። ኋላ ግን ከሃያ ገጽ ስድብና እንባ ይልቅ እሷ ጠቀመችኝ።

ድምፅ መቅዳትን በተመለከተ በጣም ተጠንቀቁ። ዲሲና ቨርጂኒያ ውስጥ እናንተ ራሳችሁ የምትሳተፉበትን ንግግር ሌላው ሳያውቅ መቅዳት ይቻላል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ሁሉም ካልተስማማ ወንጀል ነው። ድንበር ተሻግራችሁ ተበዳይ ሳላችሁ ጥፋተኛ እንዳትሆኑ። ዲሲ ውስጥም ቢሆን ድርጅቱ መቅዳትን የሚከለክል ደንብ ሊኖረው ይችላል።

ቀጥሎ ለኤች አር (ለሠራተኞች ጉዳይ ክፍል) ወይም ለባለቤቱ በጽሑፍ አሳውቁ። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ስህተት አለ፣ እኔም ተሳስቻለሁ። «አልተመቸኝም»፣ «አግባብ አይደለም»፣ «አያከብሩኝም» ብለን እንጽፋለን። ይሉኝታችን ነው። ሕጉ ከብቀላ የሚጠብቃችሁ ግን ስለ አድልዎ መሆኑ ከገባቸው ነው። ስለዚህ ስሙን ጥሩት፦ «ከካሸር ሥራ የተነሳሁት በትውልድ አገሬና በአክሰንቴ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ አድልዎ ነው፤ እንዲጣራልኝ እጠይቃለሁ።» በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ይበቃል። ከግል ኢሜይላችሁ ላኩት፣ ቀኑ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ሰዓታችሁን ቢቀንሱ፣ ሌሊት ሺፍት ቢወረውሯችሁ፣ ድንገት በየሳምንቱ ማስጠንቀቂያ ቢጽፉባችሁ፣ ያ ብቀላ ይባላል፣ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። አንዳንዴ የመጀመሪያው አድልዎ ሳይረጋገጥ ብቀላው ብቻ ይረጋገጣል። እኔን ኢሜይሉን በላክሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ሌሊት አደረጉኝ። አሥራ አንድ ቀን። ደብተሩ ባይኖር «ከወር በኋላ ይመስለኛል» ነበር የምለው።

ጊዜው ግን እየሄደ ነው። ለዲሲ የሰብዓዊ መብቶች ቢሮ አቤቱታ የምታስገቡት ነገሩ በተፈጸመ ወይም ባወቃችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ለኢኢኦሲ እዚህ 300 ቀን አላችሁ። የዲሲ መንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ መጀመሪያ በመሥሪያ ቤታችሁ ያለውን የእኩል ዕድል አማካሪ በ180 ቀን ውስጥ ማግኘት አለባችሁ። ቆጠራው ደግሞ ብዙ ሰው በሚያስበው ቀን አይጀምርም። «በወሩ መጨረሻ ትሰናበታለህ» የሚል ደብዳቤ በ1ኛው ቀን ከተሰጣችሁ የሚቆጠረው ከደብዳቤው ቀን ነው እንጂ ዩኒፎርማችሁን ከመለሳችሁበት አይደለም። ኤች አር «እያጣራን ነው» ሲል ሰዓቱ አይቆምም። ዩኒየን ይዞላችሁ ሲሟገትም አይቆምም። ሆቴልና ፓርኪንግ የምትሠሩ ይህን አስምሩበት፣ ዩኒየኑ ይጨርስልኛል ብሎ ዓመት ያለፈው ሰው በስንት ቡና ላይ አውርቶኛል።

አቤቱታ ማስገባት በነጻ ነው። ጠበቃ ግዴታ አይደለም። ድረ ገጹ ላይ ያለውን መጠይቅ ትሞላላችሁ፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ ይደረግላችኋል፣ ከዚያ የክሱ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ ትፈርማላችሁ። ቋንቋ አያስፈራችሁ። በ2004 የወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በነጻ እንዲያስተረጉሙ ያስገድዳል፣ አማርኛ ደግሞ ከተማዋ በብዛት ከምትሠራባቸው ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነው። «አማርኛ» ብቻ በሉ፣ በስልክ ያገናኟችኋል። ልጃችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አባቱ እንዴት እንደተዋረደ ሲተረጉም ማየት አልፈልግም፣ ደግሞም አባት ልጁ ፊት ግማሹን ነው የሚናገረው። ቅጹ ላይ ለኢኢኦሲም እንዲገባ መጠየቅ ይቻላል፣ አንድ አቤቱታ ሁለት ቦታ ይመዘገባል። ወይም በዲሲ ሕግ ቢሮውን ትታችሁ በቀጥታ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ፣ ግን ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ አይቻልም። ይህን ከመወሰናችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ወረቀት የሌላችሁም እንዲሁ። ሕጉ እናንተንም ይጠብቃል፣ ግን ካሳው ላይ ልዩነት ሊመጣ ስለሚችል ቅድሚያ ጠበቃ። ለሠራተኞች በነጻ የሚያማክሩ የሕግ ክሊኒኮች ከተማው ውስጥ አሉ።

ምርመራው ከመጀመሩ በፊት እናንተንም ቀጣሪያችሁንም ለሽምግልና ይጠሯችኋል። መቅረት አይቻልም፣ መስማማት ግን ግዴታ አይደለም። የእኛን ሽምግልና አትጠብቁ። ጋቢ የለበሰ አባት «በቃ ይቅር በለው» አይላችሁም። ገለልተኛ ሰው መሐል ሆኖ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሐሳብ ያመላልሳል። ከመግባታችሁ በፊት የምትፈልጉትን በቁጥር ጽፋችሁ ግቡ። ስንት ሰዓት አጣችሁ፣ በስንት ዶላር፣ ለስንት ሳምንት? ከገንዘብ ውጭስ? የቀድሞ ሺፍታችሁ፣ ማስጠንቀቂያው ከፋይል እንዲወጣ፣ ጥሩ የሥራ ምስክር ወረቀት? እኔ የጠየቅኩት ሳጥኔን፣ የቀን ሺፍቴንና የጠፋብኝን ሰዓት ነበር። ሁለቱን አገኘሁ፣ ሰዓቱን ግማሽ። ተቀበልኩ። ሌላ ሰው ላይቀበል ይችል ነበር።

ቀጣሪው ከዚያ በፊት «ይቺን ፈርምና ቼክህን ውሰድ» ካላችሁ እዚያው አትፈርሙ። ያ ወረቀት ብዙ ጊዜ የመክሰስ መብታችሁን የምትሸጡበት ነው። ዕድሜያችሁ 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነና የዕድሜ አድልዎ መብታችሁን የሚያስቀር ወረቀት ከሰጧችሁ የፌዴራል ሕግ ቢያንስ 21 ቀን እንድታስቡ፣ ከፈረማችሁም በኋላ በ7 ቀን ውስጥ እንድትመልሱ ይፈቅዳል። ዕድሜያችሁ ከዚያ በታች ቢሆንም «ቤት ወስጄ ላንብበው» ማለት ነውር የለበትም።

ካልተስማማችሁ ምርመራው ይቀጥላል፣ ረጅም ነው። ወራት፣ አንዳንዴ ከዓመት በላይ። በዚህ መሐል የሚበላሸው ነገር ሞኝ ነገር ነው። ሐበሻ የማያውቀው ቁጥር ሲደወልለት አያነሳም። አድራሻ ይቀይራል፣ ስልክ ይቀይራል፣ ኢሜይሉን የሚከፍትለት የእህቱ ልጅ ኮሌጅ ይሄዳል። ቢሮው ፈልጎ ሲያጣችሁ ፋይሉን ይዘጋዋል። አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ከእኔ የጠነከረ ጉዳይ ነበረው፣ የተዘጋበት ደብዳቤ የተላከው ከስምንት ወር በፊት ወደለቀቀው ቤዝመንት ነው። የመርማሪያችሁን ቁጥር በስሟ ሴቭ አድርጉት።